ጋሽ ዘውገና የዘፈኖቻቸው ተራ

የጋሽ ዘውገ ልጅ ሰላማዊት ልትነግረን የመጣች ጠዋት ሁላችንም ሜዳው ላይ በየቦታችን ቆመን ነበር። ወይዘሮ ብርቄ ፊት መስመር መካከል ላይ፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ። ሐጂ ነስሩ ከእሷ በስተግራ፣ እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ብቻ። አቶ ግርማ ከበስተኋላ አጥሩ አጠገብ፣ ኮታቸውን ሽቦው ላይ ሰቅለው። ሌሎቹ ከእሳቸው ግራና ቀኝ ተበታትነው። እኔ ፊት መስመር ቀኝ ዳር። ከሁላችን ፊት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ሰላማዊት የተወችልን የአባቷ ማጫወቻ የምትቀመጠው እዚያ ላይ ነው። ከድንጋዩ አጠገብ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ባዶ ከሆነ ወራት አልፎታል፤ ገብቶ የቆመበት ሰው ግን የለም።

ሰላማዊት ጥቁር ሻሽ አስራ ነበር። ስለዚህ ሳትናገር አወቅን።

"አባዬ ሌሊት አረፈ" አለች።

ብርቄ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አቶ ግርማ መጥተው ሙዚቃውን አጠፉ። ሐጂ ነስሩ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማጥለቅ ጀመሩ።

በማግስቱ ሀና ማርያም ቀበርናቸው። ድንኳኑ ውስጥ ስለ ደግነታቸውና ስለ ጨዋታ አዋቂነታቸው ብዙ ተባለ። የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የማውቃቸው ግን በሌላ ነገር ነው።

ጋሽ ዘውገ ዕድሜ ልካቸውን ተሳቢ ነድተዋል፤ መጀመሪያ የአሰብን መንገድ፣ በኋላ የጅቡቲን። ረጅምና ቀጭን ነበሩ። የግራ ክንዳቸው ከቀኙ ይልቅ የጠቆረ ነው፤ በመስኮት አውጥተውት ሲነዱ ስለኖሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላም የሾፌርነት ልማዱ አልለቀቃቸውም። ሰው ሲያናግራቸው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ወደ ግራ ከዚያም ወደ ቀኝ ገልመጥ ይሉ ነበር፣ መስታወት እንደሚያይ ሾፌር። መልሱ የሚመጣው መንገዱ ነጻ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ነው።

ጎፋ፣ ከእኛ ሰፈር ጀርባ፣ ከሰዓት በኋላ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ አለ። ጠዋት ጠዋት ባዶ ነው። ሐኪም ለስኳራቸው እንቅስቃሴ ሲያዝላቸው፣ ጋሽ ዘውገ ሀይሌ ጋርመንት ከሚገኘው ከልጃቸው ኮንዶሚኒየም በእግራቸው እየመጡ እዚያ ሜዳ ላይ ብቻቸውን ስፖርት ይሠሩ ጀመር። እጀታ ያላት ትንሽ ቀይ ማጫወቻ ይዘው ይመጣሉ፤ ፍላሽ የሚሰካባት፣ እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ አንጠልጥለው የሚሸከሟት። ብርቄ ጎፋ ገበያ ሽንኩርትና ድንች ትሸጣለች። ወደ ገበያው ስታልፍ አንድ ጠዋት ቆማ አየቻቸውና ጠራቻቸው፦

"ጋሼ! ብቻዎን ሲዘሉ እብድ ይመስላሉ። ሁለት ከሆንን ስፖርት ይሆናል፣ ልግባ?"

ቡድኑ የተጀመረው እንዲህ ነው። ሐጂ ነስሩ በብርቄ በኩል መጡ፤ ሱቃቸው ከእሷ መደብ ፊት ለፊት ነው። አቶ ግርማ ባንክ ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፣ በደም ግፊት ምክንያት መጡ። እኔ በጉልበቴ ምክንያት መጣሁ፤ መጀመሪያ የቆምኩት ከሁሉ ኋላ፣ ዳር ላይ ነበር። ዳር እወዳለሁ።

ጋሽ ዘውገ በአንድ ነገር አይደራደሩም ነበር፤ በዘፈኖቹ ተራ። የመጀመሪያው ዘገምተኛ የዋሽንት ዜማ ነው፣ ለአንገት። ቀጥሎ ክራር፣ ለትከሻ። ከዚያ ትንሽ ፈጠን የሚለው ለክንድ፣ ከዚያም ለወገብ፣ ለጉልበት፣ እንዲህ እያለ እየፈጠነ ሄዶ ጉራግኛው ላይ ይደርሳል። እዚያ ላይ ሁላችንም እንዘላለን፤ ማለት እንዘላለን ብለን እናስባለን። ከጉራግኛው በኋላ ደግሞ አንድ በአንድ እየቀዘቀዘ ይወርዳል። የመጨረሻው ሳያልቅ ማንም ንቅንቅ አይልም።

"ሞተር አሙቀህ ነው የምትነሳው" ይሉ ነበር። "ስትቆምም ወዲያው አታጠፋውም። በሚኒሞ ትተወዋለህ፤ ባለበት ቀስ ብሎ ይዙር፣ ትኩሳቱ ይብረድለት። ጅቡቲ ድረስ ያልከዳህን ሞተር በር ላይ ደርሰህ በችኮላ ትገድለዋለህ። ታዲያ የእናንተ ልብ ከሞተር ያንሳል?"

"የእኔ ልብ ጋራዥ ከገባ ቆየ" ትላለች ብርቄ።

"አንቺ ጭነት ቀንሺ፣ ሌላው ይስተካከላል።"

"ሰማችሁ? ወፍራም አለኝ እኮ! ሐጂ፣ ይመስክሩልኝ።"

"እኔ አልሰማሁም" ይላሉ ሐጂ ነስሩ። "እኔ ጎረቤትሽ ነኝ፣ ነገም አይሻለሁ።"

ተራው መጀመሪያ ላይ እንዲህ በቀላሉ አልተያዘም ነበር። ዘፈኖቹን ፍላሹ ላይ የሚጭነው ሱቅ እንደመጣለት ነበር የሚገለብጠው፤ ማጫወቻዋም እንደተገለበጠላት ታሰማለች። ጋሽ ዘውገ ቤታቸው ከልጃቸው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው የእያንዳንዱን ዘፈን ስም በቁጥር እንዲጀምር አደረጉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ። በማግስቱ ደስ ብሏቸው መጡ። የዋሽንቱ ዜማ አለቀ፤ ክራሩን ስንጠብቅ ጉራግኛው ፈነዳ። አንገታችንን ስናዞር ከነበርንበት በቀጥታ ወደ ዝላይ። ብርቄ ደረቷን ይዛ ተቀመጠች።

"ገደሉኝ! አንደኛ ማርሽ ላይ ነን አላሉም? አሁን ምን ውስጥ ነው የከተቱን?"

ሰላማዊት ነች የነገረቻቸው። ማሽኑ እንደ ሰው አይቆጥርም፤ ስሙን ከመጀመሪያው ምልክት ጀምሮ እያነበበ ነው የሚያሰልፈው። ስለዚህ አሥር ቁጥር ከአንድ ቀጥሎ ይመጣል፤ ሁለት ከእነሱ ኋላ ይቆማል። መፍትሔው ከትንንሾቹ ቁጥሮች ፊት ዜሮ መጨመር ነው። ጋሽ ዘውገ ይህን ነገር ለሳምንት አወሩት።

"ዜሮ ዋጋ የላትም ስትሉ ኖራችሁ" አሉን። "ከፊት አቁሟት እስቲ። ሠራዊት ታሰልፋለች።"

አቢይ ጾም ሲገባ አንዳንዶቻችን ዘፈን መስማት ከበደን። አልተከራከሩም። በሌላ ፍላሽ በመሣሪያ ብቻ የተሠሩ ዜማዎች ሰብስበው መጡ፤ ፍጥነታቸው አንድ በአንድ ከመጀመሪያዎቹ ጋር የሚመሳሰል። አንገት አንገት ነው፤ ዝላይ ዝላይ ነው። የጾሙ ጉራግኛ ግን ግጥም አልነበረውምና ሐጂ ነስሩ ቅር አላቸው። እሳቸው ለሙዚቃ ግድ የለኝም የሚሉ ሰው ናቸው፤ ያ ዘፈን ሲመጣ ግን እግራቸው ከእሳቸው ቀድሞ ይነሳ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ላይ አቶ ግርማ ተሰላቹ። በሰዓታቸው የሚኖሩ፣ ጋዜጣ የሚያነቡ ሰው ናቸው፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር መስማት አይወዱም።

"ጋሽ ዘውገ፣ ቅዳሴ እንኳ እንደ በዓሉ ይለዋወጣል" አሉ አንድ ቀን። "የእርስዎ ዘፈን ግን ለፋሲካም ለአዘቦትም አንድ ነው። እስቲ ትንሽ እንቀያይረው። ድምፅ እንስጥበት።"

ጋሽ ዘውገ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዩ።

"መንገድ በድምፅ ብልጫ አይሄድም" አሉ። "አዋሽ ከሚሌ በፊት ናት። ብትመርጡም ባትመርጡም።"

ሰው ሳቀ። አቶ ግርማ አልሳቁም። አነጋገሩ ጠንከር ያለ ስለነበር እኔም ተገረምኩ። ለጾም ሌላ ፍላሽ ያዘጋጁ ሰው፣ ለአቶ ግርማ አንድ ዘፈን ከቦታው ማንሳት ለምን እንደከበዳቸው አልገባኝም።

ማጫወቻዋ ላይ የተጠላለፉ ሁለት ቀስቶች የተሳሉባት ቁልፍ አለች። እሷ ከተነካች ማሽኑ ተራውን ይተውና ዘፈኖቹን እንዳሻው እያቀላቀለ ያሰማል። አቶ ግርማ ይህን ያውቁ ነበር። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ለቀልድ ነው ያደረጉት። አንድ ጠዋት ጋሽ ዘውገ ውኃ ሲጠጡ ጠጋ ብለው ቁልፏን ተጫኗት፤ ወደ ቦታቸውም ተመለሱ። እኔ ከኋላ ሆኜ አየሁ። አልተናገርኩም፤ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ዘውገ መጥተው አስነሱት። እጃቸውን ለአንገት ሥራ ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ። የመጣው የወገቡ ዘፈን ነው። ብርቄ ሳቀች። "ዛሬ በሌላ በር ገባን!" አለች።

እሳቸው አልሳቁም። እጃቸው ወገባቸው ላይ እንዳለ ቆመው ቀሩ። ማጫወቻዋን አዩ፤ እኛን አዩ። ቀልድ የተደረገበት ሰው መጀመሪያ ይናደዳል፣ ቀጥሎ ይስቃል። የእሳቸው ፊት ሁለቱንም አላደረገም። ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት የማያውቀው ፌርማታ ላይ የነቃ ሰው ፊት ነበር። ዘፈኑ አለቀና ሌላ ተተካ፤ የክንድ ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ስንሠራው ኖረናል። እሳቸው አላወቁትም። ክንዳቸውን በከፊል አነሱ፣ አወረዱ፣ እግራቸውን አንቀሳቀሱ፣ ተዉት።

ሌሎቹ ጋሽ ዘውገ ሆን ብለው የሚያስቁ መስሏቸው ይስቁ ነበር። እኔ ከነበርኩበት ዳር ሁለት እርምጃ ወደፊት ወጣሁና የክንዱን ሥራ ጀመርኩ። ጋሽ ዘውገ አዩኝ። እንደ እኔ አደረጉ። ቀጣዩ ዘፈን ሲመጣ ጉልበቴን አነሳሁ፤ አነሱ። እስከ መጨረሻው እንዲሁ ሄድን።

ስንበተን ከእኔ ጋር ተጓዙ፤ መንገዳችን ለጥቂት ርቀት አንድ ነው። አስፋልቱ ላይ ወጣን። የሀይሌ ጋርመንት ታክሲዎች እየጮኹ ያልፉ ነበር።

"አየሽ አይደል?" አሉኝ።

"አየሁ።"

"ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነግሮኛል። እሱን ራሱን ረሳሁት።" በዚህ ሳቁ። "እህቴ፣ የአሰብን መንገድ የማውቀው እንዴት ነበር መሰለሽ? በከተሞቹ ነው። መተሐራን ካለፍኩ አዋሽ ትመጣለች፤ አዋሽን ካለፍኩ ሚሌ እፊቴ ናት። አንዲቷን ከቦታዋ ካነሱብኝ የት እንዳለሁ አላውቅም። ዘፈኑም እንደዚያ ሆኖብኛል። ዋሽንቱን ስሰማ አንገቴ ራሱ ይዞራል። እሱ ሲያልቅ ቀጣዩ ራሱ ይመጣል። እኔ አላስብም።"

"ለሰላማዊት ነግረዋታል?"

"ስኳሩን ታውቃለች፤ ይህን አታውቅም። ካወቀች ብቻዬን አታስወጣኝም። ሥራ ውላ የምትገባ ልጅ ናት፤ በሩን ቆልፋብኝ ብትሄድ አልፈርድባትም።" ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዩ። "ይህን ሜዳ ከወሰዱብኝ የሚቀረኝ ወንበርና መስኮት ነው። ለማንም አትንገሪ።"

"አልናገርም" አልኩ።

"ደግሞ ወደፊት ቁሚ። የማይሽ ቦታ።"

በማግስቱ ማጫወቻዋን ሲያመጧት የተጠላለፉት ቀስቶች ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ነበር። አቶ ግርማ አዩት፤ ቀላ አሉ። እኔ ከኋላ ዳር ተነሥቼ ፊት መስመር ቀኝ ዳር ቆምኩ።

ብርቄ ይህን ልታሳልፈው አትችልም። "ወይዘሮ ጥሩነሽ! ስንት ዓመት ከኋላ ተደብቀሽ ዛሬ ፊት ፊት? ጋሼን ዓይን ዓይናቸውን ነው የምታዪው። ንገሪን፣ ሽማግሌ እንላክ ወይ?"

ጨዋታው ለብዙ ጊዜ ቀጠለ፤ ገበያ ድረስ ደርሶ አንዲት ቲማቲም ሻጭ "እንኳን ደስ አለሽ" አለችኝ። ባሌ ከሞተ በኋላ በሰው አፍ ገብቼ አላውቅም። ቲማቲሙን ተቀብዬ ወጣሁ። ብናገር ኖሮ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቅ ነበር፤ አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ በጸጥታ ሄደ። ጋሽ ዘውገ መጀመሪያ በአንዳንድ ዘፈን ላይ ብቻ ወደ እኔ ያዩ ነበር። ከክረምቱ በኋላ በየዘፈኑ መግቢያ ላይ ያዩ ጀመር። ከዓመት በኋላ ደግሞ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አያነሱም። እኔ እንደምከተላቸው አስመስዬ ጥቂት ቀደም እላለሁ። ሲያስተባብሩ ድምፃቸው እንደ ዱሮው ነው፤ "ወገብ ነው እንጂ ትከሻ አይደለም፣ ግርማ!" ይላሉ። አቶ ግርማም "እሺ ጋሽ ዘውገ" ይላሉ። የዘፈን መቀያየሩን ነገር ዳግም አላነሱም። ምክንያቱን አልጠየቅኳቸውም።

ሜዳው ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው በኅዳር ነው። ብርድ ነበር፤ ሣሩ ጤዛ ይዟል። ጉራግኛውን ዘልለን፣ ቀስ በቀስ ወርደን፣ የመጨረሻው ዘፈን አለቀ። ሰው መበታተን ጀመረ። አቶ ግርማ ኮታቸውን ለብሰዋል። ሐጂ ነስሩ ጫማቸውን አጥልቀው የሱቁን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተዋል። ብርቄ ዘንቢሏን አንስታለች።

ጋሽ ዘውገ ጎንበስ ብለው ማጫወቻዋን ነኩ። የዋሽንቱ ዜማ እንደገና ጀመረ።

ቀና ብለው ወደ እኛ ዞሩ። ፊታቸው ብሩህ ነበር። "እንደምን አደራችሁ!" አሉ። "ብርዱ እንዳይዛችሁ። በሉ፣ አንገት!"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እኔ ወደ ኋላ ዞሬ አቶ ግርማን አየሁ። ሁለት ዓመት ያህል የጠበቅኩት ምስጢር አሁን በእሳቸው አፍ ሊወጣ ነው አልኩ፤ "አሁን ሠራነው እኮ" ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። አቶ ግርማ አዩኝ። ከዚያ ኮታቸውን አወለቁ፤ ሽቦው ላይ መልሰው ሰቀሉት፤ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ማዞር ጀመሩ።

ሐጂ ነስሩ ቁልፉን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ብርቄ ዘንቢሏን አስቀመጠች።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንደምን አደሩ ጋሼ?" አለች። ድምፅዋ ትክክል አልነበረም፤ ግን አለች።

ክራሩ ሲመጣ፣ አቶ ግርማ ከኋላዬ ዝቅ ባለ ድምፅ "እርስዎ ብቻ የሚያውቁ መስሎዎት ነበር?" አሉኝ።

አልዞርኩም። ትከሻዬን አነሳሁ፤ ጋሽ ዘውገም አነሱ።

ሁሉንም እንደገና ሠራን፤ አንድም ሳንዘልል። ጉራግኛው ላይ መዝለል አልቻልንም፤ ባለንበት ተወዛወዝን። ብርቄ ታለቅስ ነበር፣ እየተወዛወዘች። ወደ መጨረሻው ላይ ሰላማዊት በአጥሩ በር ገባች። አባቷ ሲዘገዩባት ነው የመጣችው። የሥራ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። የት ቀረህ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። እኛን አየች፤ ሰዓቷን አየች፤ የአቶ ግርማን ላብ አየች። አፏን ገጠመች። እዚያው በሩ አጠገብ ቆማ የመጨረሻው ዘፈን እስኪያልቅ ጠበቀች።

ዘፈኑ አለቀ። መጥታ ማጫወቻዋን በአንድ እጅዋ አነሳች፤ በሌላው የአባቷን ክንድ ያዘች።

"አባዬ፣ እንሂድ?"

"እንሂድ" አሉ። ከዚያ እኔ ዘንድ ቆም አሉ። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ።

"አንቺ አዲስ ነሽ?" አሉኝ።

"አዎ" አልኩ።

"ጥሩ ትሠሪያለሽ። ነገም ነይ።"

"እመጣለሁ ጋሽ ዘውገ።"

ነጠላዬን ከሽቦው ላይ አንስቼ ሄድኩ።